ጥበቱ ቀላል የተባለ ቧንቧ ለምን ድንገት ይዘጋል? አደገኛውን ፕላክ አስቀድሞ የሚለይ ምርመራስ አለ?

ጥያቄ፦ ታናሽ እኅት

ታላቅ ወንድሜ የ54 ዓመት ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደረቱን እያፈነው ሲቸገር የልቡ ደም ቅዳ ቧንቧዎች በአንጂዮግራፊ (ማቅለሚያ ተሰጥቶ በሚነሣ የቧንቧ ራጅ) ታይተው ነበር፤ በልቡ ፊት ለፊት በሚወርደው በግራው ቧንቧ ላይ 40 ከመቶ ገደማ ጥበት ቢገኝም፣ ደሙ ሳይቸገር ስለሚያልፍ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) እንደማያስፈልገው ተነግሮት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ባለፈው ዓመት ደግሞ በመሮጫ ማሽን ላይ የተደረገለት የልብ ምርመራ ደህና ነው ተባለ። ያን ውጤት ይዞ ከመጣ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ሌሊት ላብ በላብ ሆኖ፣ ግራ ክንዱን እየያዘ ቀሰቀሰን፤ ሆስፒታል ስንደርስ ቧንቧው ፈጽሞ ተዘግቶ ነበር። የተዘጋውም ያው «ቀላል ነው» ተብሎ የታለፈው ቦታ ነው። ዛሬ በሕይወት አለ፤ የልቡ ጡንቻ ግን በከፊል ተጎድቷል።

የመጀመሪያውን የአንጂዮግራፊ ውጤት ደጋግሜ አነበብሁት። የተጻፈው ስለ ጥበቱ መጠን ብቻ ነው፤ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ስለተከማቸው ነገር ምንነት አንድም ቃል የለበትም። ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሊፈነዳ የተቃረበውን ፕላክ (በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የሚከማቸውን የስብ ክምችት) ጸጥ ብሎ ከሚኖረው ፕላክ ለይቶ የሚያሳይ የምስል ምርመራ በርግጥ አለ? ካለስ እያንዳንዱ ምርመራ የሚያየውና የማያየው ምንድን ነው? ሁለተኛው ጥያቄ የራሴ ነው፤ 47 ዓመቴ ነው፣ ምንም ሕመም አይሰማኝም፤ እንዲህ ያለ ምርመራ ይደረግልኝ ብል ተገቢ ይሆናል?

መልስ፦ በቧንቧ ውስጥ ሕክምና የሚሠራ የልብ ሐኪም

በወንድምዎ ላይ የደረሰው በሙያችን ደጋግመን የምናየው ነገር ነው፤ ስለ ልብ ቧንቧ ሕመም ለረጅም ጊዜ የነበረንን አስተሳሰብ የለወጠውም ይኸው ነው። አንጂዮግራፊ የሚያሳየው ደሙ የሚያልፍበትን ክፍተት እንጂ የቧንቧውን ግድግዳ አይደለም። ማቅለሚያው የደረሰበትን ቦታ በራጅ እናያለን፤ ማቅለሚያ የማይደርስበት ግድግዳ ግን ለዓይናችን የለም። ሲይሞር ግላጎቭ የተባሉት የፓቶሎጂ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር የ136 ሟቾችን ልብ መርምረው በ1987 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ፕላክ በግድግዳው ውስጥ ሲያድግ ቧንቧው ወደ ውጭ እየሰፋ ቦታ ይለቅለታል፤ የደሙ መተላለፊያ በግልጽ መጥበብ የሚጀምረው ፕላኩ ከቧንቧው ስፋት 40 ከመቶ ያህሉን ከያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ «ጥበቱ ቀላል ነው» ማለት «ፕላኩ ትንሽ ነው» ማለት አይደለም። በመሮጫ ማሽን የሚደረገው ምርመራም የሚጠይቀው ልብ በሥራ ላይ ሳለ ደም ያንሰዋል ወይ ብሎ ነው፤ ደም ለማሳነስ ያልደረሰ ፕላክ ከዚህ ምርመራ በደህና ያልፋል።

አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ለድንገተኛ የልብ ሕመም የሚዳርገው ፕላክ እንዲህ ያለ ነው፤ ከውስጡ በኮሌስትሮል የተሞላ ለስላሳ ክምችት ይኖረዋል፣ ዙሪያውን ስቡን የዋጡ ነጭ የደም ሕዋሳት ይከቡታል፣ ከደሙ የሚለየው ደግሞ ቀጭን የጅማት ክዳን ብቻ ነው። የሞቱ ሰዎችን ቧንቧ በአጉሊ መነጽር የመረመሩ ባለሙያዎች፣ ከተቀደዱት ክዳኖች 95 ከመቶው ከ65 ማይክሮ ሜትር የቀጠኑ ሆነው ስላገኟቸው፣ ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ የአደገኛ ፕላክ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። ከአንድ ዘለላ ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ነገር ነው። ያ ክዳን ሲቀደድ ደሙ ከውስጡ ስብ ጋር ይገናኛል፤ እዚያው ይረጋል፤ ቧንቧውም በደቂቃዎች ውስጥ ሊዘጋ ይችላል።

ይህን ክዳን በሕያው ሰው ላይ ለመለካት የሚያስችለን ኦሲቲ የምንለው ምርመራ ነው። በቧንቧው ውስጥ በሚገባ፣ ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይበራና ከግድግዳው የሚመለሰው ብርሃን ምስል ይሆናል። ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር የሚደርስ ነገር ለይቶ ያሳያል። ደም ብርሃኑን ስለሚጋርደው፣ ማቅለሚያ በፍጥነት ገፍተን ቧንቧውን ለጥቂት ሰከንዶች ከደም እናጸዳለን፤ ካቴተሩም በዚያች ቅጽበት ወደ ኋላ እየተሳበ ምስሉን ይወስዳል። በስክሪኑ ላይ ጤነኛ ግድግዳ በሦስት ንብርብር ጥርት ብሎ ይታያል፤ አደገኛው ፕላክ ጋ ስንደርስ ግን ከላይ አንዲት ደማቅ ቀጭን መስመር ትታይና ከበስተኋላዋ ድንበሩ የማይለይ ጥቁር ጥላ ይከተላል። መስመሯ ክዳኑ ናት፤ ጥላው ስቡ ነው። ኦሲቲ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመኝ ግን ክዳኑ ሳይቀደድ የቧንቧው ውስጠኛ ገጽ ብቻ ተልጦ ደም የረጋባቸውን ታካሚዎች ለመለየት ነው፤ እነዚህ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፣ ሕክምናቸውም ሊለይ ይችላል። የኦሲቲ ድክመት ብርሃኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ዘልቆ መቅረቱ ነው፤ ወፍራም ፕላክ ከሆነ ጀርባውን አያሳይም።

አይቨስ የምንለው በቧንቧ ውስጥ የሚገባ አልትራሳውንድ የዚህ ተቃራኒ ነው። የግድግዳውን ሙሉ ውፍረትና የፕላኩን ጠቅላላ መጠን በሚገባ ያሳያል፤ ለይቶ ማየት የሚችለው ግን ከ100 ማይክሮ ሜትር በላይ ያለውን ስለሆነ ቀጭኑን ክዳን መለካት አይችልም። ሦስተኛው በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራው ኒርስ ነው፤ ቅርጽ አያሳይም፣ ኮሌስትሮል የት እንዳለ ብቻ ይናገራል። ውጤቱ የቧንቧው ርዝመት ተዘርግቶ የተቀባ ካርታ ይመስላል፤ ቀዩ ስብ የሌለበት፣ ቢጫው ስብ ያለበት ነው። ለዓይን ቀዩ አደጋ ስለሚመስል ጀማሪዎች ሲያዩት ይሳሳታሉ። በ2019 የታተመ፣ 1,500 ያህል ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ በ4 ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ የስቡ መለኪያ ከ400 በላይ የሆነበት የቧንቧ ክፍል ወደፊት ችግር የማስከተል ዕድሉ ከሌላው በግልጽ ይበልጣል።

እንግዲህ መሣሪያው ካለ ለምን ለሁሉም አይደረግም? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉም የላቀ መልስ የሰጠው በ2011 የወጣው ፕሮስፔክት የተባለው ጥናት ይመስለኛል። ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸው የታከሙ 697 ሰዎች ሦስቱም የልብ ቧንቧዎቻቸው በአይቨስ ታይተው ከሦስት ዓመት በላይ ክትትል ተደረገላቸው። ክዳናቸው በቀጥታ ባይለካም ከምስሉ በመገመት ቀጭን ክዳን አላቸው ተብለው ከተመዘገቡት 595 ፕላኮች መካከል በዚያ ጊዜ ውስጥ ችግር ያስከተሉት 26 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወይ ጸጥ አሉ፣ ወይ ራሳቸው ዳኑ። ፕላክ ሲቀደድም ብዙ ጊዜ ሰውየው ሳይሰማው ይጠግጋል። ስለዚህ ምስሉ «ይህ አደገኛ ዓይነት ነው» ሊል ይችላል፤ «ይህኛው ነገ ይፈነዳል» ሊል ግን አይችልም። ደግሞም እነዚህ ሦስቱ ምርመራዎች ካቴተር ልብ ቧንቧ ድረስ መግባትን ይጠይቃሉ፤ ካቴተር ቧንቧውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሕመም ለማይሰማው ሰው ለፍለጋ ብቻ አናደርጋቸውም። እርስዎም ለራስዎ እንዲህ ያለውን እንዲጠይቁ አልመክርም።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ወንድምዎ ከመጀመሪያው አንጂዮግራፊ በኋላ የኮሌስትሮል መድኃኒት ታዞለት ነበር? ይወስደውስ ነበር?

መልስ፦ የራዲዮሎጂ ሐኪም

ዶክተሩ ስለ ቧንቧው ውስጥ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ከውጭ ስለሚታየው ልጨምር፤ ለጠያቂዋ ሁለተኛ ጥያቄ የሚቀርበው ይኸኛው ነውና።

በመጀመሪያ የካልሲየም መጠን መለኪያ የሚባለው ሲቲ ስካን አለ። አርተር አጋትስተንና ባልደረቦቻቸው በ1990 ያወጡት አሠራር ነው፤ ማቅለሚያ አይፈልግም፣ ጨረሩም ዝቅተኛ ነው። በልብ ቧንቧዎች ላይ የተጋገረውን ካልሲየም ይቆጥራል። ውጤቱ 0 ከሆነ ለሚቀጥሉት ዓመታት አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ ከ100 ሲያልፍ የኮሌስትሮል መድኃኒት መጀመር ይመከራል። ነገር ግን ካልሲየም የቆየ ፕላክ ጠባሳ ነው። ለስላሳውን፣ ገና ያልጠነከረውን ፕላክ ይህ ምርመራ አያየውም፤ በተለይ በወጣቶችና ደረቱን በሚያመው ሰው ላይ 0 መሆኑ ብቻውን ልብን ማሳረፍ የለበትም።

ለስላሳውን የሚያሳየው በማቅለሚያ የሚደረገው የልብ ቧንቧ ሲቲ ስካን ነው። ጥሩ ምስል ለማግኘት የልብ ምት በደቂቃ ከ60 ብዙ እንዳይበልጥ መድኃኒት እንሰጣለን፤ ቧንቧዎቹ እንዲከፈቱም ከምላስ ሥር ናይትሮግሊሰሪን እናደርጋለን። ከዚያ ሰውየው ትንፋሹን ይዞ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። እኔ ምስሉን ሳነብ መጀመሪያ ቧንቧውን በርዝመቱ እከተለዋለሁ፤ የሚያጠራጥር ቦታ ሳገኝ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት በአግድሙ ቆርጬ አየዋለሁ። አራት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛው ቧንቧው በዚያ ቦታ ከላይኛውና ከታችኛው ክፍል ይልቅ ወደ ውጭ መስፋቱ ነው፤ ይህ ግላጎቭ ያሳዩት ነገር በሕያው ሰው ላይ ሲታይ ማለት ነው። ሁለተኛው የፕላኩ ጥግግት ከ30 ሃውንስፊልድ በታች መሆኑ ነው፤ በዚህ መለኪያ ውኃ 0 ነው፣ ስብ ከ0 በታች ነው፣ ስለዚህ እንዲህ ዝቅ ያለ ቁጥር በውስጡ ብዙ ስብ መኖሩን ይነግረኛል። ሦስተኛው ፍንጥቅጣቂ የመሰለ ጥቃቅን ካልሲየም ነው። አራተኛው፣ እኔን ከሁሉም ይበልጥ የሚያሰጋኝ፣ ቀለበት የመሰለው ምልክት ነው፤ መካከሉ ጥቁር ሆኖ ዙሪያው በደብዛዛ ነጣ ያለ ክብ ይታሰራል። አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም።

ይህ ሁሉ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ መሆኑን ያሳየው በስኮትላንድ በ4,146 ሰዎች ላይ የተደረገው ስኮት-ሃርት የተባለው ጥናት ነው። በ2018 በወጣው የአምስት ዓመት ውጤት፣ ከተለመደው ምርመራ በተጨማሪ ሲቲ ስካን የተደረገላቸው ሰዎች በልብ ቧንቧ ሕመም የመሞት ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው 2.3 ከመቶ ሲሆን፣ ያልተደረገላቸው 3.9 ከመቶ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ስካኑ ራሱ አይደለም፤ ፕላክ መኖሩ በዓይን ሲታይ ሐኪሙም መድኃኒቱን አዘዘ፣ ታካሚውም ወሰደ። በኋላም ከዚሁ ጥናት እንደታወቀው፣ በስብ የተሞላው ፕላክ ከቧንቧው ከ4 ከመቶ በላይ የያዘባቸው ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

ወሰኑንም ልናገር። ተራው ሲቲ ስካን ለይቶ የሚያየው ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 500 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። 65 ማይክሮ ሜትር የሆነውን ክዳን ሊያይ የሚችልበት መንገድ የለም፤ የምናየው የክዳኑን ጎረቤቶች ነው። በ2021 በአሜሪካ የተፈቀደው እያንዳንዱን የራጅ ቅንጣት የሚቆጥር አዲስ ስካነር ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር አውርዶታል፤ ካልሲየም አብጦ በመታየት የሚያስከትለውን ስሕተትም ይቀንሳል፤ ክዳኑ ግን አሁንም ከዓይኑ ውጭ ነው።

ጠያቂዋ ውጤቱ ላይ ስለ ፕላኩ ምንነት አለመጻፉን ማስተዋልዎ እጅግ ተገቢ ነው። በ2022 የታደሰው ካድ-ራድስ የተባለው የሲቲ ስካን ሪፖርት አጻጻፍ ከጥበቱ መጠን ጋር የፕላኩን ጠቅላላ ብዛትና አደገኛ ምልክት መኖር አለመኖሩን እንድንጽፍ ያዘናል። በሪፖርቱ ላይ ካላገኙት ይጠይቁ፤ ሐኪሙ ምስሉን እንደገና ከፍቶ ሊያየው ይችላል።

ስለራስዎ፦ ወንድም ከ55 ዓመቱ በፊት መያዙ ለቅርብ ዘመድ ሁሉ የአደጋ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። በመጀመሪያ ደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ኮሌስትሮልዎን፣ እንዲሁም በዘር የሚወረሰውን ሊፖፕሮቲን-ኤ የተባለውን የደም ስብ ዓይነት ይለኩ፤ ይህኛው በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ቢለካ ይበቃል። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ልጀምር ወይስ አልጀምር በሚለው ላይ ጥርጣሬ ከቀረ የካልሲየሙ ምርመራ ይረዳል። በማቅለሚያ የሚደረገው ግን ሕመም ለሚሰማው ሰው ይበልጥ ተገቢ ነው።

መልስ፦ የነርቭ ሐኪም

ነገሩ የልብ ብቻ እንዳይመስል ስለ አንገት ቧንቧ በአጭሩ ልጨምር። የአንገት ደም ቅዳ ቧንቧ ለቆዳ ቅርብ ነው፣ እንደ ልብ ቧንቧም አይርገበገብም፤ ስለዚህ ኤምአርአይ ፕላኩን በሚያስደንቅ ጥራት ያሳያል። በፕላኩ ውስጥ ደም ፈስሶ ከሆነ፣ የሄሞግሎቢኑ ብረት ስለሚለወጥ ቦታው ቲ-1 በሚባለው ምስል ላይ ነጭ ሆኖ ያበራል። ይህ ምልክት ያለበት ሰው ጥበቱ ከ50 ከመቶ በታች ቢሆንም ለስትሮክ የተጋለጠ ነው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ስትሮክ ከተባሉት ታካሚዎቼ መካከል እንዲህ ያለ ያገኘሁባቸው አሉ። ተራ አልትራሳውንድም ቢሆን ጠቆር ብሎ የሚታየውን፣ ስብና ደም የበዛበትን ፕላክ ነጭ ሆኖ ከሚታየው ጠንካራ ፕላክ ይለያል።

ፔት ስካንም አለ። ሶዲየም ፍሎራይድ የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ገና በመጀመር ላይ ወዳለ፣ ሲቲ ስካን ወደማያየው የካልሲየም ክምችት ይሄዳል። በ2014 በታተመ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ከደረሰባቸው 40 ሰዎች በ37ቱ ላይ ከሁሉም ይበልጥ ያበራው ሕመሙን ያስከተለው ፕላክ ነበር። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን እስካሁን የምርምር እንጂ የየዕለት ሕክምና መሣሪያ አልሆነም።

ታናሽ እኅት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የልብ ሐኪሙ ላነሡት ጥያቄ መልሱ ያሳዝነኛል፤ ስታቲን ታዞለት ነበር፤ አራት ወር ያህል ወስዶ «ስቴንት እንኳ አያስፈልግህም ተብያለሁ» በማለት አቆመው። ማንም አልመለሰውም፤ እኔም ጭምር። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፤ እንዲህ ያለውን ፕላክ ማየት ከተቻለ፣ ገና ሳይቀደድ ስቴንት ቢደረግበት አይሻልም ነበር?

መልስ፦ በቧንቧ ውስጥ ሕክምና የሚሠራ የልብ ሐኪም

ራስዎን አይውቀሱ፤ «ስቴንት አያስፈልግም» የሚለውን ቃል «ሕመም የለብህም» ብሎ መስማት እጅግ የተለመደ ነው፤ ይህን አስረድቶ መለየት ያለብን እኛ ሐኪሞች ነን።

ጥያቄዎ በ2024 በታተመው ፕሪቨንት በተባለው ጥናት ተፈትኗል። 1,606 ሰዎች ነበሩበት፤ ደም የማያሳንስ ነገር ግን በምስል አደገኛ የሚመስል ፕላክ ያላቸው ሆነው፣ ግማሾቹ ከመድኃኒት ጋር ስቴንት ተደረገላቸው፣ ግማሾቹ መድኃኒት ብቻ ወሰዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከቧንቧው ጋር የተያያዘ ችግር የደረሰባቸው 0.4 ከመቶ እና 3.4 ከመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ውጤቱን ሳነብ ሁለት ነገር ያሳስበኛል። ታካሚዎቹም ሐኪሞቹም ስቴንት የተደረገለት ማን እንደሆነ ያውቁ ስለነበር፣ «ፕላክ አለብህ» የተባለ ሰው ደረቱን በተሰማው ቁጥር ወደ ሆስፒታል መመለሱ ይጠበቃል፤ ከልዩነቱም ብዙውን ያመጣው በሞት ሳይሆን በሆስፒታል መተኛትና በድጋሚ ሕክምና ነው። ደግሞም ወደ ጥናቱ የገቡት ፕላኮች ቢያንስ 50 ከመቶ ጥበት የነበራቸው ናቸው፤ የወንድምዎ 40 ከመቶ ስለነበር ወደ ጥናቱም አይገባም ነበር።

በመድኃኒቱ በኩል ያለው ማስረጃ ግን ለእኔ ይበልጥ ልብ የሚሞላ ነው። በ2021 የወጣው ሃይጀንስ የተባለው ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰባቸውን ሰዎች በኦሲቲ መርምሮ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና መረመራቸው። ስታቲን ብቻ የወሰዱት የፕላካቸው ክዳን በ22 ማይክሮ ሜትር ያህል ወፈረ፤ ኢቮሎኩማብ የተባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ መርፌ የተጨመረላቸው ደግሞ በ43። 65 ማይክሮ ሜትር በነበረ ክዳን ላይ 43 ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ያስቡት። ስቴንት አንዲት ቦታን ይጠግናል፤ መድኃኒቱ ምስሉ ያሳየንንም ያላሳየንንም ፕላክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ለወንድምዎ አሁን ዋናው ነገር የኮሌስትሮሉ መጠን ዝቅ ብሎ እንዲቆይ መከታተል ነው፤ መድኃኒቱ ጡንቻውን ቢያሳምመው እንኳ ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገረው፤ ሌላ አማራጭ አለ።

አንድ አንባቢ

ውይይቱን ሳነብ ስለራሴ ግራ ገባኝ። ስታቲን ስወስድ አምስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን አላቋረጥሁም። ካልሲየሙ ግን ከ180 ወደ 260 ከፍ ብሏል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ የራዲዮሎጂ ሐኪም

አይደለም፤ ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው መድኃኒቱን እንዲያቆም ስለሚያደርግ በግልጽ ልመልሰው። ስታቲን ለስላሳውን ስብ ያሟጥጠዋል፣ ቦታውንም ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ካልሲየም ይይዘዋል። ተደጋጋሚ ሲቲ ስካን የተደረገላቸው የስታቲን ተጠቃሚዎች ላይ የታየውም ይኸው ነው፤ በስብ የተሞላው ክፍል ይቀንሳል፣ ካልሲየሙ ይጨምራል፣ አደጋው ግን ይወርዳል። የአጋትስተን ቁጥር ደግሞ ካልሲየሙ ጥቅጥቅ ባለ መጠን ከፍ ብሎ እንዲቆጠር ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ እየጠነከረ የመጣን ፕላክ እንደ ባሰበት አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ መድኃኒት ከጀመረ ሰው ላይ ይህን ምርመራ በየጊዜው መደጋገም ብዙ ጥቅም የለውም። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሐኪምዎን የኮሌስትሮልዎ መጠን ከታሰበለት ቦታ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን የሚነግርዎት ያ ቁጥር ነው።